ቆሮሶዋ ስትታረስ

ሰኞ

ዛሬም አልበላችም። ፉርሽካውን በተንኩት፣ የኑግ ፋጉሎ ጨመርኩበት፤ ሌሎቹ ቆሮሶ ዓሣዎች የኩሬውን ውኃ እያመሱ ሲሻሙ እሷ ጥጓን ይዛ ቆማለች። ጉንጯ አብጧል፣ አፏ ግጥም ብሏል። እንዲህ ከሆነች ከአሥር ቀን በላይ ሆናት።

ባሌ አያሌው ኩሬው ጫፍ ቆሞ «ዓሣሽ ሱባዔ ገብታለች» አለኝ። ሲቀልድስ ደህና ነው። ሲመርረው ግን «እስከ ሰኔ ካልተዋለዱ ኩሬውን ደፍኜ ጌሾ እተክልበታለሁ» ነው የሚለው። የቢቸና ብርድ ለዓሣ አይሆንም ባዩ ብዙ ነው። እኔ ደግሞ ሌሊት ሌሊት ፕላስቲክ እያለበስኩ አሙቄዋለሁ። ይወልዳሉ ካልኩ ይወልዳሉ!

ሞጣ ላለችው እህቴ ደወልኩ። ዘሩን የሰጠችኝ እሷ ናት። «እታለም፣ እንዳትነኪያት! እንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛ ነው። እዚያው ትፈለፍላቸዋለች፤ እስክትተፋቸው እህል አትቀምስም።»

አራት ልጅ ወልጃለሁ። ይኼንስ ማንም አልጠየቀኝ።

ማክሰኞ

ወጡ! ከስንዴ ፍሬ አይበልጡም፣ ዓይን ብቻ ናቸው። እናታቸውን ከበው ይርመሰመሳሉ።

አያሌውን ጠራሁት። ሲመጣ ጥላው ውኃው ላይ ወደቀ። እሷ አፏን ከፈት ስታደርግ ሁሉም ተግተልትለው ገቡ።

«ዋጠቻቸው! አንቺ፣ ልጆቿን ዋጠቻቸው እኮ!» ብሎ ወደ መረቡ ሮጠ። ክንዱን ያዝኩት። «ዝም ብለህ ቁም።» ትንሽ ቆይታ አንድ በአንድ መልሳ ተፋቻቸው። አያሌው አፉን በእጁ ይዞ ቀረ። «እሺ፣ ጌሾው የት ይተከል?» አልኩት።

ረቡዕ

ገንፎ አገነፋሁ። ልጅ ተወልዶ ዝም ይባላል እንዴ? ጎረቤቶች መጡ። እማሆይ ብርቄ ገና ከበሩ «ወንድ ነው ሴት?» አሉ።

«እማሆይ፣ መቶ ሳይሆኑ አይቀሩም። የቱን ልንገርዎ?»

«እንግዲያው ለወንዱ ሰባት፣ ለሴቷ ሦስት፣ አሥሩንም እልል በሉ!» አቤት የሳቅነው ሳቅ!

ደስታ አቅል ያሳጣል። ይህን ሁሉ ቀን የጾመች አራስ ናት ብዬ፣ በርበሬ ያልነካው ቅቤ የጠገበ ገንፎ እያድበለበልኩ ወረወርኩላት። «ደግ አደረግሽ» አሉ እማሆይ።

ሐሙስ

ጉድ ሠራሁ። ቅቤው የውኃውን ፊት እንደ ጨርቅ ሸፍኖታል። ልጆቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ዘጠኙ ሞተው ተንሳፍፈዋል።

እህቴ ጋ ደወልኩ። «ቅቤ? ለዓሣ?» ሳቀች። ወዲያው ግን ሳቋን ዋጥ አድርጋ «አየር አጥተው ነው፤ ቶሎ ግፈፊው። ውኃም ለውጪ፣ ቀዝቃዛ ግን እንዳታደርጊ» አለችኝ።

አያሌው አሮጌ ጋቢውን አመጣ። ሱሪውን ሰብስቦ እስከ ጉልበቱ ገባ። እሱ በአንድ ጫፍ፣ እኔ በሌላው ጫፍ ይዘን የውኃውን ፊት ጠረግነው። ጋቢው ገና ውኃውን ሲነካ እናትየዋ የተረፉትን አፏ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። እሷ ባትቀድመን በጋቢው እንፈጃቸው ነበር። አራት ጊዜ ጠርገን፣ ፀሐይ ላይ የዋለ ውኃ በጀሪካን ጨመርን።

አፏን አልከፈተችም። ስንቱ ተርፎ ይሆን?

ዓርብ

ኩሬው አጠገብ ተቀምጬ ምስር ለቀምኩ። ጠጠሩን ትቼ ምስሩን ስጥል ነበር መሰለኝ። አራት ሰዓት ግድም አፏን ከፈተች። አንድ፣ ሁለት፣ አምስት... ከዚያ መቁጠሩ አቃተኝ። ይዋኛሉ! እልል አላልኩም። የረቡዕ እልልታዬ ያመጣብኝ ይበቃኛል።

ሰኞ

አድገዋል። ዛሬ አንድ ወፍ ኩሬው ላይ ዝቅ ብሎ ሲያልፍ ደንግጠው ወደ እናታቸው ሮጡ። አፏን አልከፈተችም። ፊቷን አዞረችባቸው። እንዴት ትጨክናለች?

ትንሽ ግራ ተጋብተው ቆሙና ራሳቸው ኩሬው ዳር ካለው ሣር ሥር ገብተው ተደበቁ። ጡት አስጣለቻቸው ማለት ነው። አድቅቄ የነፋሁትን ፉርሽካ በተንኩላቸው። መጀመሪያ ማንም አልወጣም። በኋላ አንዱ፣ ትንሹ፣ ብቅ አለ። ነከሰ፣ ተፋ። ደግሞ ነከሰ።

ዋጠ።