ግብፅን ወክላ የተናገረች የደንቢያ ልጅ

አባዬ፣

ከተለየኸን ሁለተኛው ክረምት ገባ። እማዬ ደህና ናት። ብቻዋን መኖሩ ስለከበዳት ከኮላ ድባ አንስቼ አራዳ እኔ ዘንድ አምጥቻታለሁ። አንተ ዜና ስትሰማ ዝም በሉ ትለን እንደነበረው፣ አሁን እሷ ዝም ታሰኘናለች።

እኔም እንዳንተ መምህር ሆኜ ያንተኑ ትምህርት ይዣለሁ። ዘንድሮ ስለ አገሮች ግንኙነት ሳስተምር አባይ ላይ ስደርስ የክፍል ጓደኛዬን የሺን አስታወስሁ።

አሥረኛ ክፍል ስታስተምረን በአባይ ውኃ ላይ እንድንከራከር ለሦስት ከፈልኸን፤ እኛን ኢትዮጵያ፣ ሌሎቹን ሱዳን፣ እነ የሺን ግብፅ አደረግሃቸው። የሺ እንደ ግብፅ ገበሬ ሆና ከአባይ በቀር ውኃ እንደሌላት ተናገረች። በገበያው ቀን ግን መምህሩ ልጆቻችንን ለባዕድ ጠበቃ አደረጋቸው ተባለ። ርዕሰ መምህሩም ካላቆምህ ከሥራህ እንደምትነሣ አስጠነቀቀህ። በማግሥቱ የየሺ አባት አያ ታከለ ዱላቸውን ይዘው ክፍላችን በር ላይ ቆሙ።

«መምህር፣ ልጄን ምነው ግብፅ አደረግሃት?»

ድምፅህን ከፍ አላደረግህም። «አያ ታከለ፣ አንቱ ለሽምግልና ሲቀመጡ አንዱን ብቻ ሰምተው ያስታርቃሉ?» አልሃቸው። ወንበርም ስበህ ከእኛ ጋር አስቀመጥሃቸው።

የሺ እየፈራች እንደገና ተናገረች። እኔ በቁጣ ልመልስላት ስነሣ፣ «መጀመሪያ እሷ ያለችውን ድገሚ፣ ከዚያ መልሺ» አልኸኝ። ስደግመው ቁጣዬ በረደ፤ መልሴም ተሻለ።

አያ ታከለ እስከ መጨረሻው አዳመጡ። «እዚያ አገር ዝናብ የለም?» ብለው ጠየቁህ። የለም ማለት ይቻላል አልሃቸው። «የእኛም ቤት መብራት ይፈልጋል፤ ይኼንንም ትናገር» አሉ።

«ነገ በእኛ ወገን ሆና ትናገራለች» አልህ።

ሲወጡ ርዕሰ መምህሩን «ሸጋ ትምህርት ነው፣ ተወው» አሉት። እሱም ተወው። እንጀራህ ላይ የመጣ ነገር መሆኑን እያወቅህ እንዴት እንደዚያ እንደረጋህ አሁን እኔም ሰሌዳ ፊት ስቆም ይገርመኛል።

ባለፈው ሳምንት ተማሪዎቼ እንዲህ ማስተማር ከማን እንደተማርሁ ጠየቁኝ። ስምህን ከነአያትህ ሰሌዳው ላይ ጻፍሁላቸው። እያስተማርሁ እስከቆየሁ ድረስ በየዓመቱ እጽፈዋለሁ፣ አባዬ።

ልጅህ