ጋዋኑ ከበሩ እስኪወርድ

ይድረስ ርቀህ ለምትኖረው ልጄ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፤

ጤናህ እንዴት ነው? ሚስትህስ? ትንሿ ልጅህ ጥርስ አወጣች ወይ? ብርዱ አልጎዳችሁም? ሁሌ ስጽፍልህ «እኛ ደህና ነን» ብዬ ነበር የምጀምረው። ዛሬ እጄ እሺ አላለኝም። ፊደሌ ቢንጋደድብህ ቀስ ብለህ አንብብ፤ ሚስትህም አጠገብህ ትቀመጥ።

ይህን በፖስታ ቤት አልላክሁትም፤ በዚያ የሚሄደው ሁሉ ተከፍቶ ይነበባል። እህል የሚያመላልሰው ሾፌር በጫማው ውስጥ ደብቆ ድንበሩን ያሻግርልኛል። የአንተ ደብዳቤ ግን ደርሶናል። በሽታው ጠፋ፣ ድንበሩም ሊከፈት ነው መባሉን ሰምተህ፣ ቤተሰብህን ይዘህ ለመምጣት መነሳትህን አባትህ ጮክ ብሎ አነበበልኝ። ወዲያው ክፍልህን ጠራርጎ አልጋህን አነጠፈ። እኔ ግን ወረቀት ፈልጌ ይህን ልጽፍ ተቀመጥሁ። ልጄ፣ እህትህ የለችም። ጠፋ በተባለው በዚያው በሽታ ነው የሞተችብን።

ከሆስፒታሉ የልብስ እጥበት ክፍል ሳሏን ይዛ መጣች። ያን ጊዜ ሕመምተኛ ያለበት ቤት በሩ ላይ ነጭ ጨርቅ ይስቀል የሚል ትእዛዝ ነበር። ራሷ ሰቅላ ነው የገባችው። ብዙም ሳይቆይ በድምፅ ማጉያ በሽታው ከአገር ጠፍቷል ተባለ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው፣ ታውቀው የለ አፉ አያርፍም፣ «በሽታው ከሞተማ ቀብሩ የት ነው? እንድንደርስ ይንገሩን እንጂ!» ብሎ ሰፈሩን አሳቀ። በማግስቱ የሰፈሩ ተጠሪ መጥቶ ጨርቁን ነቀለው። «እትዬ፣ በሽታው የለም ተብሏል እኮ። የእርስዎ ቤት ብቻ ምን ሆኖ ነው ሰው የሚታመምበት?» አለኝ።

ጨርቁ ሲወርድ ሰው በደግነቱ ሊጠይቃት መጣ። በሩ ላይ ቆሜ አትግቡ ስል «ምን በደልንሽ?» እያሉ ተቀየሙኝ። ልብስ ሰፊው ግን «እኔን እንኳን ሳል ሚስቴም አልቻለችኝ» ብሎ ገፍቶኝ ገባ፤ አስቋት ወጣ። አሁን የስፌት መኪናው ድምፅ አይሰማም።

እህትህ ያን ቀን «እማ፣ ነጩን መልሺው፤ ሰው እንዳንጨርስ» አለችኝ። አንሶላ ቀድጄ ሰቀልሁ፤ ተጠሪው ወሰደው። ሌላ ሰቀልሁ፤ ያንንም ወሰደው። ነጭ ነገር ሲያልቅብኝ የሥራ ጋዋኗን ሰቀልሁት። ተጠሪው መጥቶ እጅጌውን ያዘ፤ ትንሽ ቆሞ ለቀቀው። «እትዬ፣ እኔ ምንም አላየሁም» ብሎ ሄደ። የእሱም ሚስት ሳል ይዟታል ይባላል።

ጋዋኑ እንደተሰቀለ እሷም አረፈች። የሆስፒታሉ መኪና ወሰዳት፤ ፊቷን እንኳ አላሳዩንም። ልቧ ደክሞ ነው አሉን። ያቺ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች የምትወጣ ልጅ! የሥራ ጓደኞቿ እንደነገሩኝ ለእጥበት የሚመጣው አንሶላ ክምሩ ዛሬም አልቀነሰም።

ጋዋኑ እስካሁን በሩ ላይ ነው። ሲመሻሽ ንፋስ ሲነሳ እጅጌው እንጨቱን ይመታል፤ እሷ እንደምታንኳኳው ለስለስ አድርጎ። አባትህ ብድግ ብሎ ይከፍታል። ይቆማል። ከዚያ በሩን ገርበብ አድርጎ ይመለሳል። እኔም ዝጋው አልለው።

እንግዲህ ልጄ፣ አትምጣ። የአንተን ዓይንና የልጅህን ጥርስ ሳላይ መሞትን የምፈልግ እንዳይመስልህ፤ ናፍቆትህ ሆዴን ይበላኛል። ግን አትምጣ። እውነት የጠፋ ዕለት ጋዋኑን በእጄ አውርጄ፣ አፍልቼ አጥቤ፣ የአንገቱን ቁልፍ ከነክሯ ነቅዬ በዚሁ ሾፌር እልክልሃለሁ። ሰማያዊ ክር ያለባት ናት፤ እኔ ነኝ የሰፋኋት። ያቺ ቁልፍ እጅህ ሳትገባ ማንም ና ቢልህ፣ በእኔ ስም ደብዳቤ ቢደርስህም እንኳ፣ እግርህን እንዳታነሳ።

ለሚስትህ ሰላምታዬን ንገራት፤ አልቅሰህ ስታበቃ ደግፋ ታስተኛህ። ለእናቷም ጤና ይስጥልኝ በልልኝ። ትንሿን ጉንጯን ሳምልኝ። አክስትህ ዓይኗ ደክሞ መጻፍ ባትችልም ስምህን ሳትጠራ አትውልም። አባትህ በጣም ናፍቀኸኛል ይልሃል። አሁን አጠገቤ ተቀምጦ በሩን እያየ፣ «የእህቱንም ሰላምታ ጨምሪበት» አለኝ። ጨምሬዋለሁ።

እናትህ
ከቤትህ፣ ጥቅምት ፱ ቀን፣ ጠዋት