ቅዳሜና እሁድ የሚያርፍ ጋኔን

ሰኞ የካቲት 24፣ ከሰዓት 11፡20

እጄ ገና አልረጋም። ጽሑፌ ቢጣመም አትፍረድብኝ፣ ደብተሬ። 10፡00 ላይ የስምንተኛ ክፍል ማጠናከሪያ ሒሳብ። ሰሌዳ ላይ እኩልታ ጀመርኩ። ልቤ ደረቴን በርግዶ ሊወጣ። መዳፌ ውሃ። ጠመኔው ወደቀ። ሁለተኛውም ወደቀ። ልጆቹን ትቼ ወጣሁ! ሽንት ቤቱ በር ላይ ተደግፌ አሁን ነው የምሞተው ስል ሃያ ደቂቃ። አልሞትኩም።

ር/መምህሩ ቢሮ አስጠራኝ። ጾሙ ከገባ ሦስተኛዬ ነው። አንዴ ከተደገመ ክፍሉን ለሌላ መምህር ይሰጣል። ከሰባተኛ ጀምሬ ያመጣኋቸውን ልጆች! ፈተናቸው ደጅ ላይ ቆሞ! ዕረፍት ውሰጂ ይለኛል። ማን ዕረፍት ጠየቀው?

እትዬ ይታይሽም ሰማች። ታላቅ እህቴ ናት፤ እናታችን ስትሞት ያሳደገችኝ፣ ዛሬም አንድ ግቢ ነን። ፍርዷ ፈጣን ነው፦ ሁልጊዜ ከቅዳሴ በወጣሁ በአንድ ሰዓት ውስጥ ነው የሚነሣብኝ፤ ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን የሚጠላ ጋኔን አድሮብኛል። በሚቀጥለው ሳምንት ማክሰኞ ጠበል ወስዳ ታሰነብተኛለች። ሁለት ሳምንት። ሁለት ሳምንት ከቀረሁ ክፍሉ ሄደ ማለት ነው።

ማክሰኞ የካቲት 25፣ ጠዋት 5፡00

ፈቃድ ወስጄ ጤና ጣቢያ። የጤና መኮንኗ ልጅ እግር ናት፣ የደምበጫ ሰው። ግፊት፣ ደም፣ እንቅርት፣ ሁሉም ደህና። ከዚያ ያልጠበቅሁትን ጠየቀችኝ፦ ምን በላሽ፣ በስንት ሰዓት?

ደረቴን ነፍቼ ነገርኳት። ከማታ 2 ሰዓት እስከ ማግሥቱ 9 ሰዓት ምንም፣ ውሃም ቢሆን። ከቅዳሴ ስወጣ እትዬ ቤት ቡና፣ ሦስት ስኒ፣ ስኳሩ ጠንከር ብሎ። ምግቡ ከትምህርት በኋላ፣ የ10 ሰዓቱ ክፍል ስለሚደርስብኝ። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። አሥራ ዘጠኝ ሰዓት ባዶውን በዋለ ሆድ ላይ ሦስት ስኒ ቡና ልብ ሊያስመታ፣ እጅ ሊያንቀጠቅጥ ይችላል አለች። አንጎል ይህን ፍርሃት ነው ብሎ ይቀበለዋል። ያንቺ ከዚህ መሆኑን ግን አላውቅም፣ ጽፈሽ እዪው አለች። እሺ። ሒሳብ አስተማሪ አይደለሁ? እጽፋለሁ።

ረቡዕ የካቲት 26፣ ማታ 1፡00

9፡10፦ ቡና እምቢ። እትዬ ተቀየመች፤ ስኒውን ሞልታ አቀረበችው፣ እንደሞላ አነሣችው። እንጀራ በሽሮ፣ ሁለት ብርጭቆ ውሃ።
10፡00፦ ትንሽ ድካም። ትንሽ መርበትበት። ከክፍል አልወጣሁም!!
አሁን፦ ራሴ ሊፈነዳ ነው። ቡና ሲተዉት እንዲህ ይበቀላል እንዴ?

ዓርብ የካቲት 28፣ ማታ 12፡30

ምስር በላሁ፣ ድንች በላሁ፣ ቡና የለም። 10፡15 ላይ ልጆቹ መንገድ ተዘጋ፣ መኪና ተመለሰ ብለው ተንሾካሾኩ። ልቤ ተነሣ። እውነቱን ልጻፍ፦ ይህን ምስር አያድነውም። እዚህ አገር የሚያስፈራ ነገር ሞልቷል፣ መፍራቴም ልክ ነው። ግን ልዩነት አለ። የሰሌዳውን ጠርዝ ይዤ እኩልታውን ጨረስኩ። መጣ፣ አለፈ። በባዶ ሆድ ጊዜ አያልፍም ነበር።

እሁድ የካቲት 30፣ ጠዋት 4፡00

የጻፍኩትን ሁሉ ደረደርኩት፤ ያለፈውን ሳምንትም ከማስታውሰው ጨመርኩ። ያለፈው ሳምንት ማክሰኞና ሐሙስ፣ የዚህ ሳምንት ሰኞ፦ ክፉ። ቅዳሜ፦ ምንም። እሁድ፦ ምንም። ዛሬ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ጀምሬ ቤተ ክርስቲያን ቆሜያለሁ፣ ቅዳሴ አስቀድሻለሁ፤ ቅዳሜና እሁድ ጾሙ ጠዋት ስለሚፈታ መጥቼ በላሁ። ቡናም ጠጣሁ፣ ከምግብ በኋላ፣ አንድ ስኒ። ሰላም ነኝ።

ታዲያ ይህ ጋኔን ቅዳሜና እሁድ ያርፋል? የመንግሥት ሠራተኛ ነው? ብቻዬን ሳቅሁ። ወዲያው ተናደድኩ።

ይዤው ሄጄ ለእትዬ አነበብኩላት። ሰይጣን ተንኮለኛ ነው፣ ሊያዘናጋሽ ነው አለች። ሻንጣው ተዘጋጅቷል። ጀሪካኑ ታጥቧል። አለቀሰች። ትወደኛለች፤ እሱ ነው የሚከብደው። እኔ ጠበል አልጠላሁም። ረሃቤን ጋኔን ብለው እንዲጠሩብኝ ነው የማልፈቅደው። አልሄድም አልኳት። ከወለደችኝ እኩል ናት፣ ከቡናው በቀር በሕይወቴ እምቢ ስላት ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ሰኞ መጋቢት 1፣ ከሰዓት 11፡45

አባ ገብሩ ዘንድ፣ የነፍስ አባታችን። እትዬ ቀድማኝ ነግራቸዋለች። ደብተሬን አነበብኩላቸው፣ ሰዓቱ ሳይቀር። የሐኪሟን ቃል ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። ከዚያ፦ ለታመመ ሰው ጾም በአቅሙ ነው። ሥጋና ወተቱን እንደተውሽ፣ ጠዋት ቁርስሽን ብዪ። ጸሎቱን አትተዪ።

ጉልበታቸውን ሳምኩ። በሩ ጋ ስደርስ መልሰው ጠሩኝ። “ብቻ በድብቅ ይሁን፣ ልጄ። ያየሽ እንዳይሰናከል።” እሺ አባቴ አልኩ።

ማክሰኞ መጋቢት 2፣ ጠዋት 4፡20

በእረፍት ሰዓት። ባዶ ክፍል፣ ከበሩ ጀርባ፣ በሶ በኩባያ። ኮሪደሩ ላይ ኮቴ ሰማሁ። ልቤ ዘለለ። መዳፌ ውሃ። ያው ራሱ! ሆዴ እየሞላ፣ ቡና ሳልቀምስ፣ ያው ራሱ! በሶውን ቦርሳዬ ውስጥ ደፋሁት፤ የልጆቹ የፈተና ወረቀት በሰበሰ።

በምግቡ የወጣው ፍርሃት በመደበቁ በኩል ተመልሶ ሊገባ ነው። እንዲህ ከሆነ በጤና ጣቢያና በነፍስ አባት ፊት ምን አደከመኝ?

እትዬ ዛሬ አላናገረችኝም። ጠበል ብቻዋን ሄደች፣ ስለ እኔ ልትጸልይ።

ረቡዕ መጋቢት 3፣ ጠዋት 3፡50

ወሰንኩ። ለአባ ገብሩ ማታ ሄጄ እነግራቸዋለሁ፦ ግማሹን ቃልዎን ጠብቄያለሁ፣ ግማሹን፣ መደበቁን፣ አልቻልኩም። የሚሰናከል ካለ ይጠይቀኝ፤ አፍ አለኝ፣ አስረዳዋለሁ።

4፡05

መምህራን ክፍል ነኝ። መካከለኛው ጠረጴዛ። የምሳ ዕቃዬን ክዳን ከፍቻለሁ፣ የባቄላ ንፍሮና ድንች። ር/መምህሩ ጋዜጣውን አጥፎ፣ በሁዳዴ፣ በዚህ ሰዓት ምን እያደረግሽ ነው አለኝ።

ይጠብቅ። እያኘክሁ ነው።