ሳልሳፈርበት «በጣም ረክቻለሁ» ብዬ ስለፈረምኩለት አውቶቡስ

ለተከበሩ የ«ደጋ ፈለግ» የሕዝብ አውቶቡስ አገልግሎት ሥራ አስኪያጅ፣
መካነ ሰላም

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እኔ ጡረታ የወጣሁት መምህር ክንፈ፣ ከኅሊናዬ በቀር ደህና ነኝ።

ሰሞኑን በአዳራሽ ያሰሙትን የስኬት ሪፖርት በአክብሮት አዳምጬ ምስጋናዬን ላቀርብ ተነሣሁ።

አንደኛ፣ አውቶቡሶችዎ ዘንድሮ አንድም አደጋ አላደረሱም። ከሦስቱ ሁለቱ ከግቢ አለመውጣታቸው ቀላል ጥንቃቄ አይደለም።

ሁለተኛ፣ የወግዲው አውቶቡስ በሦስት ሰዓት ይነሣል የሚለው ማስታወቂያ ከመናኸሪያው ግድግዳ ላይ ዓመቱን ሙሉ ንቅንቅ አላለም።

ሦስተኛው ረዘም ይላልና ይታገሡኝ። ከነዋሪው ዘጠና ስምንት በመቶው ረክቷል ብለዋል። ከረኩት አንዱ እኔ ነኝ። ሠራተኛዎ ቅጹን ይዞ ደጄ ሲመጣ፣ አውቶቡሱን አንድ ቀን እንኳ ሳልሳፈርበት፣ ቶሎ እንዲሄድልኝ ብዬ «በጣም ረክቻለሁ» በሚለው ላይ ፈረምኩ።

በወሩ የጎረቤቴ የወይዘሮ ፋጢማ ወንድም ወግዲ ላይ ማረፉ በጠዋት ተነገራት። ቀብሩ ከዙሁር ሶላት በኋላ ስለነበር፣ ሳይገነዝ ፊቱን ልየው ብላ ወጣች፤ እኔም መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት። አንድ ሰው የቀረው ሚኒባስ ሊነሣ ሲል ልትገባ እግሯን አነሣች። እኔ ነኝ «ተጨናንቀሽ ከምትሄጂ አውቶቡሱ አሁን ይመጣል» ብዬ የመለስኳት። ልጆቿን ስላስተማርኩ ታምነኛለች። አውቶቡሱ እስከ አምስት ሰዓት ሳይመጣ ቀረ። በጭነት መኪና ስትደርስ ጀናዛው ከቤት ወጥቶ ነበር።

ለቅሶ ስደርስ እንድትወቅሰኝ ተመኝቼ ነበር። እሷ ግን «ምን ያርጉ ጋሼ፣ የአላህ ቀደር ነው» ብላ መቀመጫ አቀረበችልኝ። አላስችል ቢለኝ የፈረምኩትን ነገርኳት። «እሱን እንኳ ባይነግሩኝ ይሻል ነበር» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ በበሯ ሳልፍ አንገቴን ደፍቼ ነው።

ስለዚህ ስሜ ከረኩት ዝርዝር እንዲሰረዝልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ቁጥሩ ቢጎድልብዎ ይቅር ይበሉኝ።

ስኬትዎ ሳያልቅ እድሜዎ እንዲረዝም ከልብ እየተመኘሁ፣ እጅ ነሥቼ እሰናበታለሁ።

የሐሰት ምስክርዎ፣
ክንፈ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ማክሰኞ ዕለት ወደ ማሻ ለስብሰባ ሲሄዱ ሚኒባስ ጋቢና ተቀምጠው አየሁዎት። ያን ቀን ወይዘሮ ፋጢማን የሸኟት እርስዎ ቢሆኑ ኖሮ ትደርስ ነበር።