ተቀምጠው የመረጡት መስታወት

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ፣ ለእታለም፦

ከሰላምታው በፊት ኑዛዜ ይቅደም። እኔ ታናሽሽ ፌንጣ፣ በሙሉ ጤንነቴና በገዛ ፈቃዴ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ ትናንት የአዲሱን በር መስታወት በልብስ ሳሙና መለቅለቄን አምናለሁ። አባባ «መስታወቱ ገና ከመገጠሙ ሻገተ» ብለው ባለመስታወቱ ላይ በስልክ ሲወርዱበት ዝም ማለቴንም፣ ማታ ተደብቄ ሳሙናውን ማጠቤንም አምናለሁ። ባለመስታወቱ ይቅር ይለኝ እንደሆነ አላውቅም፤ አልነገርኩትማ።

አሁን ሰላምታው። ለጤናሽ እንዴት ነሽ? ጉንፋኑ ለቀቀሽ? እንቅልፍ ይወስድሻል? የምታድሪበት ክፍል በር አለው? በሩስ ከምንድን ነው? እኛ ሁላችንም ደህና ነን፤ በንዴት የተቃጠልኩት እኔ ብቻ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኋላው በረንዳ ተከድኖ የእኔ መኝታ እንዲሆን ተወሰነ። ከአያታችን ከእማማ ማንኮራፋት ልገላገል ነው ብዬ ጮቤ ረገጥኩ። ግን ግድግዳ ከሆነ ሳሎኑ ይጨልማል ተባለና፣ በሳሎኑና በእኔ መካከል ከላይ እስከ ታች መስታወት የሆነ ተጣጣፊ በር እንዲገባ ተደረገ። ባለመስታወቱ ናሙና ይዞ መጣ፦ ጥርት ያለ፣ ጥቁረት ያለው፣ ብርሃን አሳልፎ መልክ የማያሳልፍ ብዥ ያለ። እኔ ብዥ ያለውን አቅፌ አልለቅም አልኩ። አባባ ጥርት ያለውን አሉ። ለብርሃን ነው ይላሉ፤ ብርሃኑ በብዥታውም ይገባል እኮ። የፈለጉት ማጥናት አለማጥናቴን ማየት ነው። አንቺ በእኔ ዕድሜ የእንጨት በር ከነቁልፉ ነበረሽ፤ ማን ትንፍሽ አለብሽ?

ጭቅጭቁ ሲበዛ እማዬ ሽማግሌ ይግባ አለች። ለመስታወት ሽማግሌ። ጋሼ አጎታችንና ጎረቤታችን ጡረተኛው ዳኛ መጡ። ዳኛው ጡረታ ከወጡ ወዲህ ፍርድ እንደ ሱስ ያዛጋቸዋል፤ ጋሼ ደግሞ ከዝምታ በቀር የማያውቁት ነገር የለም።

ሐሰት አልናገርም፣ አንዱን ነገር ደህና መረጡ። እማማ «ይቺ ልጅ ስትንደረደር ገብታበት ትቆረጣለች» ስላሉ፣ ሲሰበር እንደ ጠጠር የሚበተን፣ በእሳት የጠነከረ መስታወት ይሁን ተባለ። እንዲህ ያለው አንዴ ከተሠራ አይቆረጥም፣ አይበሳም፤ ልኩን አስቀድሞ መወሰን ነው አለ ባለመስታወቱ። ከዚያ ወደ ዋናው ክርክር ተገባ። ሽምግልና ነገርን ከመሃል መክፈል ነውና፣ ልጅቷም እንዳትከፋ አባትም እንዳይቀየሙ፣ ከታች ብዥታ ከላይ ጥርት ይሁን ተባለ። ብዥታው እስከ የት ይድረስ? ባለመስታወቱ ናሙናውን ሶፋው ፊት አቆመ። ሽማግሌዎቹ ሻይ ሻያቸውን እንደያዙ «ትንሽ ከፍ፣ ትንሽ፣ እዚያ ላይ፤ በቃ ምንም አይታይም» አሉ። ምልክት ተደረገ።

እታለም፣ አንዳቸውም ከመቀመጫቸው አልተነሱም። አባባም፣ ጋሼም፣ ዳኛውም ተቀምጠው ነው የለኩት። እኔ «ሰው እኮ ይቆማል» ብል ጋሼ «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» አሉኝ። ባለመስታወቱን ዞር ብዬ አየሁት። እሱ ለሁሉም «ልክ ነው» የሚል ሰው ነው፤ ለእኔም «ልክ ነሽ» አለኝና ምልክቱን እዚያው ላይ አደመቀው።

በሩ ተገጠመ። እንደ አኮርዲዮን ይታጠፋል፤ ማማሩንስ ያምራል። ሳሎን ለተቀመጠ ሰው እኔ ጉም ነኝ። ለቆመ ሰው ግን ሱቅ መስኮት ላይ የተሰቀለ ቀሚስ ነኝ። አባባ ደግሞ በሩ ከገባ ወዲህ መቀመጥ ረስተዋል። ውሃ ሊጠጡ ይነሳሉ፣ ሰዓት ሊያዩ ይነሳሉ፣ ዜና እንኳ ቆመው ነው የሚሰሙት። ልብሴን የምቀይረው ተንበርክኬ ነው። ባለፈው ሆድ ብሶኝ ሳለቅስም ወለሉ ላይ ተቀምጬ ነው ያለቀስኩት። እስቲ በሞቴ፣ ሰው ለማልቀስ ቁመት ይለካል?

መጋረጃ ልስቀል ብል ያጨልማል አሉ። ጥርቱን ብዥ የሚያደርግ ስቲከር አለ፣ ብርሃን አይከለክልም፣ እሱ ይለጠፍ ብል አባባ «ሽማግሌ የቆረጠውን በላስቲክ አልቀጥልም» አሉ። አንቺን ግን ይሰማሉ። አንቺ ስትናገሪ «ልጄ በሰለች» ይላሉ፤ እኔ ስናገር «ምላሷ ረዘመ»። ስለዚህ ደውለሽ አንድ ነገር ብቻ በያቸው፦ ልጅቷ አድጋለች፣ በር ይኑራት።

ሌላው ሁሉ ሰላም ነው። እማማ ጉልበቴ ድኗል በያት ብለዋል፤ አልዳነም። እማዬ ሹራብሽን ሳትለብሺ እንዳትወጪ ትላለች። ጋሼ ምክር ልከውልሻል፤ ረጅም ስለሆነ ትቼዋለሁ። ድመቷ ወፍራለች፣ ናፍቃሻለች። አባባም ሰላም ብለውሻል፤ ሳይሉ አይቀሩም።

ያንቺው ንዴታም

ከተጣጣፊው በር ሥር ካለው ጠረጴዛ፣ ጥቅምት ፲፬ ቀን

ቆይ እታለም፣ ቀና ስል ከብዥታው በላይ የአባባ መነጽር ወረቀቴ ላይ ተተክሏል። መስታወቱን በጣታቸው ቆረቆሩት።

«ፌንጣ፣ ከድመቷም በታች አደረግሽኝ?»