አንዱን ማዕድ ለሁለት ስለከፈለው የጣሊያን ቀይ ወይን

ለተከበሩ የአደባባዩ ሆቴል የምግብና የመጠጥ ሥራ አስኪያጅ፤

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደ ደረት ኪስዎ መሐረብ ያልተጨማደደ፣ ዕድሜዎም እንደ ንግግርዎ የረዘመ ይሁን እያልሁ ሰላምታዬን በአክብሮት አቀርባለሁ። ይህን በአደባባይ መጻፌ ባለፈው እሑድ ያስተማሩን ትምህርት በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀብሮ እንዳይቀር ስለሳሳሁለት ነው።

እንደሚያስታውሱት፣ በአባታቸው ቤት ውርስ ተጣልተው ለዓመታት የእግዜር ሰላምታ የተነፋፈጉ ሁለት ወንድማማቾችን፣ ታላቁን አናጢና ታናሹን መድኃኒት ሻጭ፣ ይዤ መጥቼ ነበር። አንዱ የሌላውን ደጃፍ አልረግጥም ስላለ የእርስዎን ቤት መረጥሁ። ያዘዝሁትም የበግ ጥብስ ብቻ ነው፤ እርሱም በአንድ ሰፊ ሳህን፣ ሁለቱ አብረው እንዲቆርሱበት። ከአንድ ሳህን አንዴ ቢቆርሱ የቀረውን ነገር እኔ እወጣው ነበር። ስለሆነም ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

፩. ጥብሱ ትኩስ እንደሆነ አጠገባችን ሲደርስ አስተናጋጁን በጣትዎ አቁመው፣ ያላዘዝነውን ቀይ ወይን ከፍተው ስላደረጉልን ስብከት አመሰግናለሁ። ሳንጆቬዜ የተባለው የጣሊያን የወይን ዘር ካበርኔና ሜርሎ ከተባሉት የፈረንሳይ የወይን ዘሮች ጋር እንደተዋሐደ፣ በእንጨት በርሜል እንደከረመ፣ አፍ የሚያደርቀው ኃይሉ በሥጋ ስብ እንደሚለዝብ፣ ከቆየ አይብ፣ ከእንጉዳይና በቲማቲም ስጎ ከተሠራ ፓስታም ጋር እንደሚስማማ፣ ከዓሣ ጋር ግን ፈጽሞ እንደማይታረቅ አስረዱን። ዕርቅ ፈልገው ለመጡ ሰዎች የወይንንና የዓሣን ጠብ መተረክዎ ከማስተዋል የመነጨ ነው። «ይህ ወይን ደፋር ነው» ማለትዎንም እኔ በለመድሁት መንገድ ተረጎምሁት፤ ደፋር ነው ማለትዎ ጣዕሙ ይበረታል ሲሉ ነው፤ አንድም፣ ሳይጠሩት በሰው መካከል ይገባል ሲሉ ነው፤ አንድም፣ ሻጩን ይመስላል ሲሉ ነው።

፪. ታላቁ ወንድም ሐኪም መጠጥ እንደከለከለው በትሕትና ሲነግርዎ፣ «እንግዲያው ጌታዬ፣ በጉ ለእርስዎ አይሆንም፤ በጉ የወይኑ ነው» ብለው ስለሰጡት ፍርድ አመሰግናለሁ። እኔ አላዋቂው እስከዚያች ሰዓት በግ የበላተኛው ይመስለኝ ነበር። ውኃ ወይን በሆነበት በዚያ ሰርግ እንኳ የግብዣው አሳዳሪ ቀምሶ አደነቀ እንጂ የማይጠጣ ሳህኑን ያስረክብ አላለም። የእርስዎን ያህል ባይማር ነው።

፫. ጥብሱን በታናሹ ፊት አኑረው ለታላቁ የአትክልት ሾርባ ስላስመጡለት ግን ምስጋናዬን የምገልጽበት ቃል አጣሁ። አናጢው ሾርባውን አየ፤ የወንድሙን ሳህን አየ፤ «ውርሱንም የተካፈልነው እንዲሁ ነበር» ብሎ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ ወጣ። ያንን ሰው በዚያ ወንበር ለማስቀመጥ ስንት ጊዜ ደጅ ጠንቻለሁ! እርስዎ በአንድ ጭልፋ ሾርባ አስነሡት።

ታናሹ ጥብሱን ሳይነካ ተከትሎት ሲሮጥ እርስዎ ብርጭቆውን እያዞሩ ስለ መዓዛው ይነግሩኝ ስለነበር በመንገዱ ዳር የሆነውን አላዩም። እኔ ግን ደርሼ ሰምቻለሁ።

«ጋሼ፣ በሞቴ፣ ሾርባውን እኔ ያዘዝሁ መስሎህ ነው? ሰውዬው እኮ ያመዋል!»

«ያመዋል እንጂ! ታዲያ አንተ መድኃኒት ሻጭ አይደለህም እንዴ? ምነው አንድ ነገር ብትሰጠው?»

«ለእርሱስ የሚሆን ገና አልተሠራም።»

አናጢው እስኪያስለው ሳቀ። ከዚያም ከማዶ ካለው ዳቦ ቤት አንድ ትኩስ ዳቦ ገዝተው፣ ቆመው፣ ለሁለት ገምሰው በሉት። የቤቱ ጉዳይ ገና አልተቋጨም፤ ነገር ግን አሁን በየማታው ይደዋወላሉ፤ የሚያወሩትም ስለ እርስዎ ነው። እኔ በልመናና በጸሎት ያላገኘሁትን ዕርቅ እርስዎ ለንቀት ብቁ በመሆንዎ አስገኝተዋልና፣ ሽምግልናዬን በይፋ አስረክብዎታለሁ።

እንግዳ የማያሳጣ፣ እንግዳንም ከእርስዎ የሚጠብቅ አምላክ ቤትዎን ይባርክ እያልሁ፣ በታላቅ አክብሮት እጅ የምነሣ፣

ከሥራ የተሰናበተው የወንድማማቾቹ ሽማግሌ

ማስታወሻ፦ ወይኑን አንድ ጉንጭ ቀምሼዋለሁ፤ መልካም ነው። በዚያ ማዕድ ከተሰበሰብነው ሁሉ አፉ ተከፍቶ ሳለ ዝም ማለት የቻለው ጠርሙሱ ብቻ ነበርና፣ የሥራ አስኪያጅነቱ ቦታ ክፍት በሆነ ጊዜ እርሱን አስቡልኝ ብዬ ለሆቴሉ ባለቤት ጽፌያለሁ።