ወይራውን የለካችው ልጅ

ሰኞ፣ ነሐሴ ፭

ዛሬም መጣች። ሦስተኛ ቀኗ ነው። የጎረቤቴ የጨርቅ ነጋዴው የአቶ ሰይድ ልጅ ናት፣ ዘይነብ፤ ቢበዛ ዐሥር ዓመት ቢሆናት ነው። በአጥሩ ቀዳዳ ሾልካ ወይራዬ ሥር ቆመች። መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ አየኋት፤ እሷ አላየችኝም። ያደረገችውን እንዳልረሳው ልጻፈው። ግንዱን ዙሪያውን በሲባጎ ለካች። ቅጠል ቀጥፋ ደብተሯ መሐል ከተተች። ቅርፊቱን በጥፍሯ ፋቀችና አሸተተች። እስከዚህ ድረስ የልጅ ነገር ነው ልበል። ቀጥላ ግን ጀርባዋን ለዛፉ ሰጥታ እስከ አጥራቸው ድረስ በእርምጃ ቆጠረች። ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር። ተመልሳም ጻፈች።

ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት አራዳ የዳኞች ደጅ ተቀምጬ ለሰው አቤቱታ ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ። የድንበር ሙግት እንዴት እንደሚጀመር ማንም አያስተምረኝም። ሰውየው ራሱ አይመጣም። መጀመሪያ ልጅ ይልካል፤ ልጅ ምን ይባላል? ቀጥሎ ሽማግሌ ያቆማል። ከዚያ ወዲያ ቦታው ከአያት ከቅድመ አያቱ የወረደ ይሆናል። ለስንቱ እኔው ራሴ ጽፌዋለሁ፣ ግማሹ ውሸት መሆኑን እያወቅሁ።

ለዚህ ግቢ ወረቀት የለኝም። ቦታውን የሰጡኝ ጌታዬ ሞተዋል። ሲሰጡኝ ከነበሩት ሁለት ምስክሮች አንዱ ሞቷል፣ አንዱ ጆሮው አይሰማም። ዛሬ ወይራውን ከወሰዱብኝ ነገ ጓሮውን፣ ከነገ ወዲያ ቤቱን ይላሉ።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ ፮

ጠየቅኋት። ፈትለክ ልትል ስትል አጥሩ ቀዳዳ ላይ ቆሜ ጠበቅኋት።

ትምህርት ቤቱ ለክረምት ሲዘጋ ፈረንጇ መምህራቸው ለያንዳንዳቸው ደብተር ሰጥታቸዋለች አሉ። በየሰፈራችሁ ያለውን ያገር ዛፍ ፈልጉ፣ ስሙን፣ ውፍረቱን፣ ጥቅሙን ጻፉ፣ ቅጠሉንም አድርቃችሁ አምጡ ብላቸዋለች። ባሕር ዛፍ አይቆጠርም፤ እሱ ከውጭ የመጣ ነው አለችኝ።

«እርምጃውስ ምንድን ነው?» አልኳት።

«የት እንደቆመ ለማሳየት ነው፣ አባባ።»

ደብተሩን አሳዪኝ ስላት በነጠላዋ ሸፈነችው። ገና አልጨረስኩም ብላ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች።

አላመንኳትም። አንደኛ፣ ፈረንጅ በኛ ወይራ ምን አገባት? ሁለተኛ፣ ለዕረፍት ሥራ ይሰጣል ወይ? እኔ ዳዊት ስደግም የኔታ ሲያርፉ እኛም እናርፍ ነበር። ሦስተኛ፣ ምንም የሌለበት ደብተር አይሸፈንም። ይህ ሦስተኛው ነው የቆጠቆጠኝ።

ረቡዕ፣ ነሐሴ ፯

አቶ ሰይድን ራስ መኮንን ድልድይ ላይ አገኘሁት፤ ሱቁን ሊከፍት ሲወጣ ነው። ሰባት ዓመት ጎረቤት ሆነን በሰላምታ አንተማማም፣ ዛሬ ግን አበዛው። ጤናዬን ጠየቀ። ጾሙ እንዴት ይዞዎታል አለ። ጣሪያዬ ያፈስስ እንደሆነ ጠየቀ። ጣሪያዬ ምኑ ነው?

ከዚያ እንደ ዋዛ አድርጎ፣ «ጸሐፊ፣ ያ ወይራ ዕድሜው ስንት ይሆን?» አለኝ።

«ለምን ፈለጉት?»

«ዘይነብ ናት እንጂ እኔማ ምን ላደርገው። አባባን ጠይቅልኝ እያለች መቀመጫ ነሳችኝ። እርስዎን ትፈራለች።»

ዕድሜ። ዳኛ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፣ ከመቼ ጀምሮ? አላውቅም አልኩት። እውነትም አላውቅም፤ ከተማው ሳይመጣ የነበረ ዛፍ ነው።

ሥራዬ ያስተማረኝ አንድ ነገር አለ። ዛፍ ሲያስቆርጥ ማንም ያልተቃወመው ሰው የቦታው ባለቤት እሱ ነው። አቶ ሰይድ ዝም ካለ የኔ መሆኑን አመነ። ከጮኸም ሐሳቡን በገዛ አፉ አወጣ። በሁለቱም የማተርፈው እኔ ነኝ። ከሰዓት በኋላ አፍንጮ በር ወርጄ ሁለት እንጨት ፈላጮች አነጋገርኩ። ለመቁረጥም ለምስክርነትም ይሆናሉ። ነገ ጠዋት ይመጣሉ።

ሐሙስ፣ ነሐሴ ፰

ዝናብ። ፈላጮቹ አልመጡም።

ልጅቱ ግን መጣች። ዶፉ ሲወርድ ግንዱ ላይ ተለጥፋ ተጠለለች። ለአፍታ ያህል ሞኝነት ተሰማኝ። ባለቤቴ በሕይወት ሳለች የወይራውን ስንጥር ለወተት ዕቃ ማጠኛ ትወስድ ነበር። እሷ ብትኖር ታስጥለኝ ነበር ብዬ አሰብኩ፤ ስለዚህ ማሰቡን ተውኩት። በዚያ ላይ ዘይነብ ራሷ እየራሰች ደብተሩን ልብሷ ውስጥ ደብቃ እንደያዘች አየሁ። ደብተር እንዲህ የሚጠበቀው ማስረጃ ሲሆን ነው።

ዓርብ፣ ነሐሴ ፱

ሰማዩ ጠራ። መጡ።

እንጨቱ ብረት ነው። መጥረቢያውን ሁለት ጊዜ ሳሉት። እኔ ግንዱን አላይም ነበር፤ ዓይኔ አቶ ሰይድ በር ላይ ነው። ወጣ። አጥሩ ጋ መጥቶ ትንሽ ቆመ።

«ጸሐፊ፣ ዛፉ የእርስዎ ነው፣ እንደወደዱ ያድርጉት። ግን ምን አደረገዎት?» አለኝ።

የእርስዎ ነው አለ። በሁለት ምስክር ፊት፣ ማንም ሳይጠይቀው። በዕድሜዬ እንዲህ በቀላሉ የተረታ ሙግት አላየሁም። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።

ዘይነብ ከኋላው ወጣች። አላለቀሰችም። በቀዳዳው ገብታ ደብተሩን ከፈተችና እጄ ላይ አኖረችው። እንዲህ ይላል፦

«ወይራ። በሰፈራችን ካገኘኋቸው ያገር ዛፎች ትልቁ ነው። ውፍረቱ ሦስት ክንድ ተኩል። የቆመው አባባ ጸሐፊ ግቢ ውስጥ ነው። ከእኛ አጥር ስምንት እርምጃ ወደ እሳቸው ይገባል። ባለቤቱ እሳቸው ናቸው። ዕድሜውን አልጠየቅኋቸውም፣ ቁጡ ስለሆኑ እፈራቸዋለሁ።»

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ወይራው የኔ ነው ብሎ የተጻፈ ወረቀት በዓለም ላይ ያለው ይኸው አንድ ገጽ ነው። የሸፈነችብኝም ለመጨረሻው መስመር ኖሯል።

«በቃ፣ አቁሙ» አልኳቸው። ግንዱ ሲሶው ተበልቷል። አቶ ሰይድ ወደ ሱቁ ሄደ። እንደዛሬ አፍሬ አላውቅም።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ ፲

ዘይነብ በጠዋት ጭቃና እበት ለውሳ መጣች። ቁስሉን አብረን መረግነው፣ እኔ ከላይ እሷ ከታች። ትናንት አንደኛው ፈላጭ ወይራ እልኸኛ ነው፣ አይሞትም ብሎኝ ነበር። ሁለተኛው የጥቅምት ነፋስ ይጥለዋል አለ።

«ይድናል፣ አባባ?» አለችኝ።

«እንጃ፣ ልጄ።»

እጇን ታጥባ ደብተሩን ከፈተች። መምህሯ ዛፉ ጤነኛ ነው ወይስ ተጎድቷል፣ ከተጎዳስ በምን የሚል ጥያቄ ሰጥታቸዋለች። ብዕሯን ቀለም ውስጥ ነክራ ቆየች።

«በምን ልበል?»

ለሰው ስንት ሰበብ ጽፌያለሁ። መብረቅ ብላት ማን ያስተባብለኛል፣ ክረምት ነው። ቃሉ አፌ ድረስ መጥቶ ነበር።

«በመጥረቢያ በይ። ያስቆረጠው ባለቤቱ ነው በይ።»

«አባባ ጸሐፊ ብዬ ልጻፍ?»

ሙሉ ስሜን ከነአባቴ ነገርኳት። ቀስ ብላ ጻፈችው። ቀለሙ ቶሎ እንዲደርቅም እፍ አለችበት።